አሥር ቤት፣ አንድ መልካም ሰዓት

«ልጅሽ ዓሣ ትበላለች?» አሉ አሮጊቷ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ።

«በየቀኑ!» አለች ባውላን። «ጎረቤት ሁሉ ምስክር ነው።»

አሮጊቷ ጠበቁ። ስልካቸውን ወደ ጆሯቸው ስላስጠጉት ለጥቂት ጊዜ ቴሌቪዥኑን የሞላው ጆሮ ብቻ ነበር። ከዚያ መጠበቁ ሰለቻቸውና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ተሻገሩ።

«ቁጡ ናት እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም! ዘሯም አይደለም።»

የአሮጊቷ ቅንድብ ሽቅብ ተሰቀለ። «ሥራስ ትወዳለች?»

«ከልጅነቷ ጀምሮ! በዚህስ ቁርጥ አባቷን ናት።»

አሁን ደግሞ አሮጊቷ ዓይናቸውን አጠበቡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መጠጥ ትቀምሳለች?» አሉ።

«ሽታውንም አታውቀው!»

አሮጊቷ እንደ መደንገጥም እንደ ማዘንም ብለው ባውላንን አዩአት። «ገባኝ» አሉ በመጨረሻ። «የቀረውን እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷን ራሷን እጠይቃታለሁ። ያን ጊዜ እንወስናለን።» ምስሉ ጠፋ።

በሩ አጠገብ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ የቆመው ቺው በእርካታ ራሱን ነቀነቀ። «አላልኩሽም? አንዲት ቃል እንኳ አልጠፋችም። እኔ በምጠብቀው መስመር ላይ ቃል አይጠፋም።»

ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ለብቻዋ ያሳደገችው ባውላን እጁን ይዛ አመሰገነችው። ቺው ጥቂት ኮራ። በዚያ ጂያዪ ከተማ ባለ አሮጌ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩት አሥር ቤቶች አንድ ወፍራም የኢንተርኔት መስመር በጋራ አስገብተዋል። መስመሩን ለየቤቱ የምታከፋፍለው ራውተር ደረጃው ሥር ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ ቺው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ሠላሳ አንድ ዓመት ወደ ተራራው የሚወጣውን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ቁልፉን የሰጡት ሌላ የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ነው፤ እሱ ግን ተመርጬ ነው ብሎ ያምናል፣ ማንም ደግሞ አላስተባበለውም።

ቺው የዓሣ ኳስ ሾርባ ቀርቦለት ሁለት ማንኪያ እንኳ ሳይጠጣ ደረጃው በሩጫ ተንቀጠቀጠ። የሞተር ቆቡን ሳያወልቅ ዘው ብሎ የገባው ሚንሼ ነበር፤ የባውላንን ልጅ ዩንሩን ሊያገባ የታሰበው፣ በከተማው ሞተር ብስክሌት የሚጠግነው የፐንግሁ ደሴት ልጅ።

«አክስቴ፣ አያቴን ምን አሏት?»

«ምን አልኳት? ዓሣ ትበላለች አልኩ፣ ሥራ ትወዳለች አልኩ።»

«አያቴ የሰማችው ሌላ ነው!» ሚንሼ ቆቡን አወለቀ፤ ፀጉሩ በላብ ተጣብቋል። «ልጅቷ በየቀኑ ትቆጣለች፣ ለዚህም ጎረቤት ምስክር ነው። ሥራ በፍጹም አትወድም፣ ዘሯም አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ትጠጣለች፣ ቁርጥ አባቷን። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እናቷ ይህን ሁሉ እየሳቀች ነገረችኝ ብላለች። እስካሁን ደሴቱ በሙሉ ሰምቷል።»

ባውላን ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ውሸታም አሮጊት!»

«አያቴ አትዋሽም።»

«እኔስ እዋሻለሁ?»

ቺው ማንኪያውን አስቀመጠ። ወረቀት ጠየቀና ጥያቄዎቹን በአንድ ወገን፣ መልሶቹን በሌላ ወገን ቁልቁል ጻፈ። ሠላሳ አንድ ዓመት የመነሻና የመድረሻ ሰሌዳ ሲያይ የኖረ ሰው ነውና ብዙ አልፈጀበትም። ጣቱን በመልሶቹ ላይ አንድ መስመር ወደ ታች ሳብ አደረገ።

«እያንዳንዱ መልስ» አለ በቀስታ፣ «አንድ ፌርማታ አልፎ ነው የወረደው።»

«ማለት?»

«ስለ ዓሣ ያልሽው ስለ ቁጣ ከተጠየቅሽ በኋላ ደረሰ። ስለ ቁጣ ያልሽው ስለ ሥራ ከተጠየቅሽ በኋላ። የእሳቸው ድምፅ ወዲያው ይመጣል፣ ያንቺ ግን ዘግይቶ ይሄዳል።»

«አሁን አንዲት ቃል አልጠፋችም አላሉም፣ ወንድም ቺው?»

«አልጠፋችም እኮ» አለ ቺው፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። «ዘገየች እንጂ።»

ሚንሼ ወደ ደሴቱ ደግሞ ደጋግሞ ደወለ። አያቲቱ ግን «ከእናቷ አፍ ሰምቻለሁ፣ ከእንግዲህ የምሰማው ከልጅቷ አፍ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት። ሄዶ ማስረዳትም አይቻልም፤ የክረምቱ ነፋስ ስለተነሳ ጀልባው ቆሟል፣ አውሮፕላኑም ቢሆን አንድ ቀን ሄዶ ሁለት ቀን ይቀራል። የሚንሼ አባትና እናት ነፋሱ ሳይበረታ ተሻግረው ስለመጡ ደህና። ነገር ግን በዚያ ቤት አያቲቱ «ይሁን» ሳይሉ ቀለበት ጣት ላይ አይገባም። ቀኑን ወደፊት መግፋትም የማይሆን ነገር ነው። ለየሥራው መልካሙን ቀንና ሰዓት የሚናገረው የግድግዳ ካላንደር እሁድን ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለመታጨት መልካም ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ግን እስከ አዲሱ ዓመት ድረስ ለመታጨት የሚሆን አንድም ቀን የለውም።

«እሁድ መልሷ በጊዜው ካልደረሰ» አለች ባውላን፣ «ልጄ ቀረች ማለት ነው።»

ቺው ተነሳ። «ይደርሳል» አለ። «ቃሌ ነው።» ይህን ብሎ ደረጃውን ከወረደ በኋላ ነው እንዴት እንደሚደርስ እንደማያውቅ ትዝ ያለው።

አርብ ጠዋት ቺው የደረጃው ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈ። አሳቡ ቀላል ነበር። አውቶቡስ ሁሉ በአንድ ሰዓት ከጣቢያ አይነሳም፤ ተራ አለው። ስለዚህ እሁድ ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት አብዝቶ የሚጠቀም ሰው ሰዓቱን ይጻፍ፣ እኔ ተራ አወጣለሁ አለ። ከራሱ ስም በቀር የሁሉንም ቤት ስም ዘረዘረና ፊት ለፊቱ ባዶ ቦታ ተወ።

ማታ ተመልሶ ሲያየው ዘጠኙም ቤት ሞልቶለታል። የሦስተኛ ፎቁ ቋሊማ ሻጭ ታንግ፣ «አዲሱን ሱቄን በቪዲዮ በቀጥታ የምከፍትበት፦ ዘጠኝ ሰዓት።» አምስተኛ ፎቅ ያሉት አዲስ ተጋቢዎች፣ «አልጋችንን የምናዛውርበት፣ ባሕር ማዶ ያለው ወንድማችን በቪዲዮ የሚያይበት፦ ዘጠኝ ሰዓት።» አንዱ ለዘጠኝ፣ ሌላው ለዘጠኝ፣ ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ጥንቁቅ ሴትዮ «ዘጠኝ ከአምስት» ብላ ጽፋ፣ ፈራች መሰል ሰርዛ «ዘጠኝ» ብላለች። ሁሉም ቤት ያለው ካላንደር አንድ ነው። ለመታጨት መልካም የሆነው ሰዓት ሱቅ ለመክፈትም አልጋ ለማዛወርም መልካም ነው።

ቺው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ታንግ ቆሞ ቋሊማ እያሰረ ነበር፤ ክብ ፊት ያለው፣ ሲቆጣም ሲስቅም አንድ ዓይነት የሚመስል ሰው።

«ታንግ ወንድሜ፣ አንድ ሰዓት ዘግየት ብትል?»

«አሥር ሰዓት ላይ ልክፈት?»

«እሱም እኮ እዚያው መልካሙ ሰዓት ውስጥ ነው።»

«አጎቴ ቺው፣ መልካሙ ሰዓት ሲገባ ነው እንጂ ሲገባደድ ይከፈታል እንዴ? ጭራውን ይዤ ሀብታም ልሆን?» ታንግ አንዱን ቋሊማ ቆርጦ አጎረሰው። «ደግሞ አይጨነቁ። እኔ ቪዲዮዬ እንዳይቆራረጥ ማሽኑን አሥራ ስድስት ቦታ ከፍሎ እንዲልክ አድርጌዋለሁ። አንዱ ቢቆም አሥራ አምስቱ ይሄዳል።»

ቺው ቋሊማውን እያኘከ ወረደ። ታንግን ለማወቅ የሰፈሩን ክሊኒክ ወረፋ ማየት ይበቃል፤ ጠዋት በሩ ሳይከፈት መጥቶ ጃንጥላውን አንድ ቦታ፣ ነጠላ ጫማውን ሌላ ቦታ፣ ቦርሳውን ሦስተኛ ቦታ አሰልፎ ቁርሱን ሊበላ ይሄዳል። ሲመለስ ከሦስቱ የትኛውም ይቅደም፣ ቀድሞ የደረሰው የእሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቺው ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ራውተሯን ትክ ብሎ ሲያያት ከኋላው ሳቅ ሰማ። የሰገነቱ ክፍል ተከራይ ሹፐይ ናት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት እያነበበች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ቀን ቀን ስለምትተኛ ሕንፃው ሥራ ፈት ናት ብሎ ወስኖባት ነበር።

«ምን ያስቃል?» አለ ቺው።

«ይቅርታ አጎቴ። መሥሪያ ቤት የማየው ነገር ነው። ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ ይገፋል፣ በአንድ ጊዜ ይጨናነቃል፣ በአንድ ጊዜ ያርፋል፣ መልሶ በአንድ ጊዜ ይገፋል። በካላንደር ሲሆን ግን ገና ማየቴ ነው።»

«መሥሪያ ቤት አለሽ?»

«የስልክ ኩባንያ መስመር ሲታመም እኔ ነኝ የማክመው። ሌሊት ሌሊት።»

ቺው ለአራት ዓመት በልቡ ያማትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዋጠና የፕላስቲክ በርጩማውን ለቀቀላት። ሹፐይ ኮምፒዩተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከራውተሯ ጋር አገናኘችው።

«ይኸውልዎ፣ አሁን አንዲት ትንሽ ሰላምታ ወደ ውጭ እልካለሁ፣ ሄዳ ስትመለስ ሰዓቷን እንያዝ።» ሰላምታዋ ዓይን ሳይጨፈን ተመለሰች። «እንግዲህ ታንግ የሆነ ነገር እስኪልክ እንጠብቅ።» ብዙም አልጠበቁ፤ ታንግ ለነገው ልምምድ ይዞ ነበር። ሹፐይ እንደገና ላከች። ቺው በእጅ ሰዓቱ ቆጠረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት ሲል ሰላምታዋ ተመለሰች።

«አራት ሰከንድ!» አለ ቺው። «መስመሩ ቀጭን ነው ማለት ነው። ሰፋ ያለ እናስገባ።»

«ቢሰፋም ያው ነው። ይህን ያደረገው ማነው?» ሹፐይ ገጹ ላይ ወዳለ አንድ ቁጥር ጠቆመች፤ ራውተሯ በር ላይ ስንት የመልእክት ቁራጭ ቆሞ እንዲጠብቅ እንደምትፈቅድ የሚናገር ቁጥር ነው። አንድ ተብሎ ተጀምሮ ከኋላው ዜሮ ተደርድሯል።

«እኔ» አለ ቺው። «መጀመሪያ መቶ ነበር። ከዚያ ላይ የተረፈውን ትጥለዋለች ሲሉኝ ዜሮ ጨመርኩ። ደግሞ ጨመርኩ።»

«አጎቴ ቺው፣ ልጠይቅዎ። አውቶቡስዎ ሲሞላ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እጭናለሁ።»

«ጢም ብሎ ሲሞላስ?»

«ጠጋ ጠጋ በሉ እላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እጭናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፌርማታ ላይ ትቼው የሄድኩት ሰው የለም።»

«ተራራው ላይ ስንት ሰዓት ይደርሱ ነበር?»

ቺው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደርሳለን።»

«ስንት ሰዓት?»

«በዚያው ቀን።»

ሹፐይ ሳቋን ዋጥ አደረገችና አስረዳችው። ድምፅም ይሁን ምስል በመስመሩ የሚሄደው ተቆራርጦ ነው። ላኪው ማሽን መንገዱን አያየውም፤ ቁራጭ ከጠፋበት መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ግፊቱን በግማሽ ይቀንሳል፣ ሁሉም ከደረሰለት ደግሞ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይገፋል። ሌላ ምልክት የለውም።

«እርስዎ ግን አንድም ቁራጭ አይጥሉበትም። ስለዚህ የታንግ ማሽን መንገዱ ባዶ ነው ብሎ ያምናል፤ ይገፋል፣ ይገፋል። የሚገፋው ሁሉ እዚህ በርዎ ላይ ቆሞ አራት ሰከንድ ተራ ይጠብቃል። እህት ባውላን ‹በየቀኑ› ስትል ቃሏ ከጥፍር ታንሳለች፤ ግን ከፊቷ የታንግ ቋሊማ ከዚህ እስከ ባቡር ጣቢያ ተሰልፏል።»

ቺው ቁጥሩን አየው። ያ ዜሮ ሁሉ የእሱ ደግነት ነበር። የባውላንን ልጅ ሰካራም ያደረጋት የእሱ ደግነት ነው።

«ታዲያ ቁልፉ እኔ ጋ አይደል?» አለ። «ነገ ለሁለት ሰዓት ታንግን እዘጋዋለሁ።»

«እሱስ መልካም ሰዓት የለውም?»

ቺው ቁልፉን ወደ ሸሚዙ ውስጥ መለሰው። ታንግ ለዚያች ሱቅ ስንት ዓመት ቋሊማ እንዳሰረ ያውቃል።

«ማንንም አንዘጋም» አለች ሹፐይ። «ለአሥሩ ቤት አሥር ሰልፍ እናወጣለን። ራውተሯ ከእያንዳንዱ በር አንዳንድ እያነሳች በየተራ ትልካለች። ትንሽ የያዘ ወዲያው ያልፋል፣ ብዙ የያዘ የራሱን ሰልፍ ራሱ ይጠብቃል። የሚልከው የሌለው ቤት ካለ የእሱን ተራ ሌሎቹ ይካፈሉታል።»

«ታንግ እኮ አሥራ ስድስት ቦታ ነው የሚሰለፈው።»

«አውቃለሁ፣ አይቼዋለሁ። ለዚህ ነው ሰልፉን በበር የምናደርገው። አሥራ ስድስትም ይላክ ስድሳ፣ በሩ አንድ ነው።»

ቺው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። የክሊኒኩ ነርስ ይህን ብታውቅ ምን ነበረበት ብሎ አሰበ።

«የመጨረሻው ግን» አለች ሹፐይ፣ «በሰልፉ ውስጥ ከልክ በላይ የቆየ ቁራጭ ካለ እንጥለዋለን።»

«መጣል?»

«መጣል።»

«እኔ?»

«ሰው አይደለም እኮ አጎቴ፣ የቋሊማ ሥዕል ቁራጭ ነው። ካስፈለገ ማሽኑ መልሶ ይልከዋል። ሲጣልበት ነው ቀስ በል መባሉን የሚያውቀው። እርስዎ ዝም ብለው ሲጭኑለት እንዴት ይወቅ?» ኮምፒዩተሩን ወደ እሱ አዞረችው። «ጠባቂው እርስዎ ነዎት። ዜሮዎቹን እርስዎ ያጥፏቸው።»

ቺው ጣቱን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ቆየ። አንዱን ዜሮ አጠፋ፤ በዝናብ ውስጥ እጇን ያነሳችለትን ሴት አይቶ እንዳላየ ያለፈ መሰለው። ሁለተኛውን አጠፋ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ሹፐይ የቀረውን አስተካክላ ሰላምታዋን ላከች። ታንግ ላይ ቤት አሁንም እየላከ ነው። ቺው «አንድ» ሊል አፉን ሲከፍት ሰላምታዋ ተመልሳለች።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሕንፃው በር ሁሉ ወለል ብሎ ተከፈተ። አምስተኛ ፎቅ አልጋ ይጎተታል፤ «ወደ ግራ! ወደ ግራ! ካሜራው አያየውም!» ይላሉ። ሦስተኛ ፎቅ ታንግ ከበሮ አስመትቶ፣ «ቀይ ቋሊማ! ነጭ ሽንኩርት ያለው! እናቴ ብትቀምሰው ታለቅስ ነበር!» እያለ ይጮኻል። ቺው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ቁም ሣጥኑ ፊት በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ባውላን ይግቡ ብላው ነበር፤ እምቢ አለ። አውቶቡስ ሲሄድ ሹፌር ከተሳፋሪ ጋር ሻይ አይጠጣም አላት። ሹፐይ እንቅልፏን ትታ፣ ኮምፒዩተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አጠገቡ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ታዛጋለች።

ከሁለተኛ ፎቅ የአሮጊቷ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የስኒ ድምፅ፤ ዩንሩ ለአማቶቿ በመታጨት ቀን የሚቀርበውን ጣፋጭ ሻይ እያቀረበች ነው። ቺው ትንፋሹን ይዞ አዳመጠ።

ድንገት ባውላን ጮኸች። «ቆመ! ወንድም ቺው! አያቲቱ አፋቸውን እንደከፈቱ ቆሙ!»

ላይ ቤት የታንግ ከበሮ በርትቷል፤ ሁለተኛ ካሜራ ከፍቷል መሰል። ቺው ብድግ አለ። እጁ ኮምፒዩተሩ ላይ፣ ጣቱ ዜሮው ላይ ነበር። አንዲት ዜሮ። አንዲት ብቻ፣ ማንም አይጣል።

«እጅዎን ኪስዎ ውስጥ» አለች ሹፐይ።

«ልጅቷ ቀረች እኮ!»

«ኪስዎ ውስጥ፣ አጎቴ። የታንግ ማሽን እየተጣለበት ነው። እስኪገባው ይታገሡት።»

ቺው እጁን ኪሱ ውስጥ ጨምሮ ጨበጠ። በሕይወቱ ሙሉ ከባድ ነገር ከተባለ፣ ተራራው ላይ በጭጋግ መንዳት ሳይሆን ያቺ እጅ ኪስ ውስጥ መቆየቷ ነበር። አንድ ቆጠረ። ሁለት። ሦስት ከማለቱ በፊት ከላይ የአሮጊቷ ድምፅ ጥርት ብሎ ወረደ።

«...በየቀኑ ትቆጪያለሽ አሉኝ?»

«በየቀኑ ዓሣ ነው የምበላው፣ አያቴ» አለች ዩንሩ፣ ሳትጣደፍ። «የምቆጣው ዓሣ ያጣሁ ቀን ነው።»

ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ አሮጊቷ ሳቁ። ሳቁ መድረስ ባለበት ሰዓት፣ መድረስ ባለበት ቦታ ደረሰ። ቺው ግድግዳውን ተደገፈ።

ከሦስተኛ ፎቅ የታንግ ራስ በደረጃው ክፍተት ብቅ አለ። «አጎቴ ቺው! ሥዕሌ ደብዘዝ አለ!»

«ተቆርጧል?»

«አልተቆረጠም።»

«ገዢስ ሸሸ?»

«አልሸሸም፣ እንዲያውም ሁለት ሰው አሁን ገባ።»

«እንግዲያው ምን ትጮኻለህ? ሂድና ሽጥ!»

«ከበሮውን ቀንሱልን በሉት!» አለች ባውላን ከላይ፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ሳቅ ነበር። «ወንድም ቺው፣ ይውጡ! አያቲቱ መጠጡን እየጠየቁ ነው፣ ይውጡና ይስሙ!»

ቺው ሹፐይን አያት። «እኔ አለሁ፣ ይሂዱ» ብላ ኮምፒዩተሯን ይዛ ተነሳች፤ ከዚያ እሷም ለማየት ጓጓችና ተከተለችው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጡ ወጡ። ሁለተኛ ፎቅ በሩ አፍ ላይ ቆሞ ቺው ወደ ውስጥ አየ። ዩንሩ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማለች። ሚንሼ ዛሬ ያለ ሞተር ቆብ ነው፤ ባዶ ስኒ በሁለት እጁ ይዟል። አባትና እናቱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከቴሌቪዥኑ ሌላ ወደ የትም አያዩም።

«ከልጅነትሽ ጀምሮ ትጠጫለሽ ተባልኩ» አሉ አያቲቱ።

«እስካሁን አልጀመርኩም። በሠርጌ ቀን ግን እርስዎ ከቀመሱልኝ እቀምሳለሁ።»

«እኔ እንደሆነ እቀምሳለሁ» አሉ አያቲቱ። «እኔን ማን ይጠይቀኛል? ሥራሽስ?»

«የጥርስ ሐኪም ቤት ነርስ ነኝ፣ አያቴ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቀኝ።»

አያቲቱ ጥርስ በሌለው አፋቸው እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ባውላንን ፈለጓት። «አንቺ ሴትዮ፣ ባለፈው በጨዋታ ነበር የመለስሽልኝ?»

«ኧረ እናቴ! እኔ መልሼ ነበር፣ መልሱ ነው መንገድ ላይ የቆየው።»

«የእኛ ጀልባም እንደዚሁ ነው» አሉ አያቲቱ፣ እንደ ተራ ነገር። ወደ ሚንሼ እናት ዞሩ። «በይ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ሰዓቱ ሳይወጣ ቀለበቱን አድርጊላት። ይሁን ብያለሁ።»

ሚንሼ ስኒውን የት እንደሚያኖረው ጠፋው፤ ባውላን ተቀበለችው። ቀለበቱ ገባ። አምስተኛ ፎቅም አልጋው ቦታው ደረሰ መሰል፣ እልልታ የሚመስል ጩኸት ተነሳ፤ ለየትኛው ደስታ እንደተጮኸ ማንም አልለየም። ባውላን ልጇን አቅፋ አለቀሰች፣ ከዚያ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠርጋ ለሁሉም የኦቾሎኒ ከረሜላ ማዞር ጀመረች። ለቺው ስትሰጠው አንድ ሳይሆን አንድ እፍኝ ነበር።

«ያ በሩ ላይ ቆሞ የሚያልበው ሰውዬ ማነው?» አሉ አያቲቱ።

ባውላን ዞር አለች። «ጎረቤታችን ናቸው፣ ወንድም ቺው። የዛሬውን መስመር የጠበቁልን እሳቸው ናቸው።»

«ክራቫትም አስሯል» አሉ አያቲቱ። «ሚስት አለው?»

ቺው ከረሜላውን እንደያዘ ቀረ። ባውላን ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ዩንሩ እናቷን አየች፣ ሚንሼ ዩንሩን አየ፤ የሚንሼ አባት ጉሮሮውን ሊጠርግ አሰበና ተወው። የታንግ ከበሮ እንኳ ያኔ ነው የቆመው።

«ሄሎ?» አሉ አያቲቱ ስልካቸውን እየነቀነቁ። «ሁላችሁም ደርቃችኋል። መስመሩ ተበላሸ እንዴ?»

ሹፐይ ከቺው ጀርባ ቆማ እጇ ላይ ያለውን ኮምፒዩተር አየት አደረገች።

«አይ አያቴ» አለች። «መስመሩስ ደህና ነው።»